ለሄድሊ የተያዘች ወንበር

ሄድሊ ፓምፍሬት አርባ ዓመት ሙሉ በቴሌቪዥን ቄስ እየሆነ ሰው ቀብሯል። በእሁድ ምሽት ድራማ ተገድሎ በሄድሊ ያልተቀበረ ሰው ቢኖር ጉድ ነው። መላው እንግሊዝ ፊቱን ያውቀዋል። በስሙ የሚጠራው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የወጣትነት ጓደኛው ባዚል። እሱም ሞተ።

ባዚል ሊሞት ሰሞን ደውሎለት፣ «ቀብሬ ላይ ከፊት ወንበር አስይዝልሃለሁ። ቄሱን ቤት ትተኸው ና፤ እኔ የምፈልገው አንተን ነው» ብሎት ነበር። ሄድሊም ለአንዲት ቀን እንኳ ራሱን ሆኖ ሊሰናበተው፣ ግራጫ ሱፉን ለብሶ በባቡር ባዚል ወደሚኖርበት የዮርክሸር መንደር ሄደ።

ጣጣው የጀመረው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። የመንደሩ ቄስ መኪናቸው ጎርፍ ውስጥ ቆማባቸው ቀርተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ሚስተር ክላፍ ሄድሊን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አባታችን! እንኳን ደረሱልን!»

«ይቅርታ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። ተዋናይ ነኝ።»

«እሱማ ማን ያልሆነ አለ!» አለና የቄሱን ነጭ ልብስ በአናቱ አጠለቀለት።

እዚያ አገር ሰውን ደጋግሞ ማረም ነውር ነው። ሄድሊ ደግሞ ልብሱን ካለበሱት በኋላ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ምስኪን፣ ሰዉ ፊት ወጥቶ ቆመ። ከፊት፣ ከሟቹ ሚስት ከዊኒፍሬድ አጠገብ፣ «ለሄድሊ» የሚል ወረቀት የተለጠፈባት ባዶ ወንበር አየ። ዊኒፍሬድ ባዚልን ያገባችው በስተርጅና ስለሆነ ሄድሊን በአካል አታውቀውም። ስለ ጓደኛው ሊናገር አፉን ከፈተ። የራሱ ቃል አልመጣ አለው። የመጣለት ከድራማው የለመደው ነው።

«ወገኖቼ፣ ይህን ሰው የገደለው እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል!»

ባዚልን የገደለው የሳንባ ምች ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ቄስን በሰው ፊት ተሳስተዋል የሚል ደፋር ከየት ይምጣ? ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሳ።

«ይቅርታ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። በዝናብ አቁሜ ብዙ አወራሁት።»

«ኧረ አንተ አይደለህም፣ ሬጅ!» አለች ጎረቤቱ ሜቪስ። «ጃንጥላውን ተውሼ ያልመለስኩት እኔ ነኝ።»

«ተይ እንጂ!» አለ ሥጋ ሻጩ። «ሐኪም ከከለከለው በኋላ የአሳማ ሥጋ የሸጥኩለት ማን ሆነና?»

ቤቱ በይቅርታ ተናጠ። በመጨረሻ ሚስተር ክላፍ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ሰልፍ አስያዛቸው። ሰልፍ ሲያዩ ሁሉም ተረጋጉ፤ እየተራመዱ፣ ሳጥኑን እየነኩ ይቅርታ ይጠይቁ ጀመር።

ዊኒፍሬድ የሄድሊን እጅ ጨበጠች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባታችን። ባዚል ቢያይ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሄድሊ የሚሉት ሰው ነው። ባሌ እስኪሞት ‹ይመጣል› እንዳለ ነው። ይኸው ቀረ!»

ሄድሊ ነጩን ልብስ አወለቀ፤ በግራጫ ሱፉ ሄዶ ባዶዋ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«መጥቻለሁ፣ ባዚል» አለ በሹክሹክታ። ካሜራ በሌለበት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነው።

ዊኒፍሬድ ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«አይቀየሙኝ፣ አባታችን። ይህች ቦታ የሄድሊ ናት። ምናልባት ከመጣ ብዬ ነው።»

«ይቅርታ» አለ ሄድሊ። ተነሳና ሰልፉ ጭራ ላይ ሄዶ ቆመ።