አማትን በስም መጥራት

የክሊኒኩ መኪና ወደ ማሎቲ ተራሮች የሚወጣው በወር አንዴ ነው፤ ያውም በረዶው መንገዱን ካልዘጋ። የዚያን ዕለት ማሊኔዮ ሕፃን ልጇን በብርድ ልብስ አዝላ ተሰልፋ ነበር። ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። ሰማዩ ስለከበደ ሾፌሩ ከወዲሁ ሞተሩን አስነስቷል።

ከዚምባብዌ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ቺዬድዛ፣ ልጁን አዳምጣ ኮስተር አለች። ሳንባው ስለታመመ መድኃኒቱን ዛሬውኑ መጀመር አለበት። ባለፈው ወር ሴት አያቱ አምጥታው ሳለ የተሰጠው መድኃኒት ግን ገላውን በሽፍታ ሞልቶት ነበር። የትኛው መድኃኒት እንደነበር ለማወቅ ካርዱ በስሙ ተፈልጎ መውጣት አለበት።

«ስሙ ማነው?» አለች።

ማሊኔዮ አቀረቀረች። ልጁ የወጣለት የባሏ አባት ስም ነው፤ ምራት ደግሞ የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶችም ለዚያው ቤት የተዳሩ ስለሆኑ ከእሷ አይሻሉም። አማትየው ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር በቅርብ ያለ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዲት ምራታቸው ስማቸው ቢያመልጣት፣ የካሳ በግ ይዛ እስክትመለስ ወደ ወላጆቿ የሸኙ ሰው ናቸው።

«አለቃው ሰው ሲሰበስብ የሚሆነው ነገር ነው» አለች ማሊኔዮ፣ ስሙ በቋንቋቸው «ስብሰባ» ማለት ስለሆነ ይገባታል ብላ።

«ጭቅጭቅ?»

ሴቶቹ በብርድ ልብሳቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሲስተር ቺዬድዛ ግን አልሳቀችም። እናት የልጇን ስም እንዴት ትረሳለች ብላ ግራ ገብቷታል። ሾፌሩ ደግሞ እንሂድ እያለ ጥሩንባ ነፋ። ልጁን አሳለው፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

ማሊኔዮ ወደ ነርሷ ጆሮ ተጠግታ ስሙን አንሾካሾከች። ሞተሩ ዋጠው።

«ምን? ጮክ በይ።»

«ፒትሶ!»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ወደ ግድግዳው ዞሩ። ማሊኔዮ ዞር ብላ ለማየት እንኳ ድፍረት አጣች።

«አቤት» አለ ከግድግዳው በኩል አንድ ድምፅ።

ሁሉም «ንታቴ»፣ አባባ፣ የሚላቸው አማቷ ፒትሶ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሴቶቹም መንገድ ለቀቁላቸው። ምን ሆናችሁ ብለው ሳይጠይቁ ሕፃኑን ከምራታቸው ተቀብለው ታቀፉት። ካርዱ ተገኘ፤ ሌላ መድኃኒት ተመረጠ። ልጁ የመጀመሪያውን ማንኪያ አያቱ ላይ ተፋው፤ ሁለተኛውን ዋጠ።

መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ሽማግሌው ልጁን መልሰው አሳዘሏት።

«ማታ አልውጥም ካለሽ በስሙ ጥሪው» አሏት። «እኔም እሱም እንነሣለን።»