ድምፅ አልባው ቼንዳ

«ሰይጣን ገብቶበት ነው እንጂ እንዲህ አይሆንም ነበር!» አለ ባርጋቫን፣ የመንደሩን ቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር ጎኑን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ።

የከበሮ መምህሩ የኔታ ኬሉ ታጥቦ የተተኮሰ ነጭ ሽርጣቸውን አገልድመው፣ ግንባራቸውን የተፈጨ ሰንደል ተቀብተው፣ እንደ ሠርገኛ ዘንጠው ስክሪኑ ፊት ቁጭ ብለዋል። እንዴት አይዘንጡ! ዛሬ ተማሪያቸው ጊሪሽ በትልቁ ቤተ መቅደስ በዓል ላይ ቼንዳ የሚሉትን ከበሮ ይመታል፤ የበዓሉ ኮሚቴም በኢንተርኔት ራዲዮ በቀጥታ ያስተላልፋል። የሚመታው ደግሞ የሌላ የማንንም ሳይሆን የሳቸውን ድርሰት ነው። ዕድሜያቸውን የፈጁበት ያ ምት፣ በሽታ ጥሏቸው ከበሮ ማንሳት ካቃታቸው ወዲህ በምድር ላይ የሚያውቀው ጊሪሽ ብቻ ነው። ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ተማሪ አደባባይ ሲወጣ የመምህሩን ስም ሳይጠራ ከበሮ አይነካም። የኔታ ከዚህ ዓለም የሚጠብቁት ነገር ቢኖር ያችን አንዲት ጥሪ ነው። ስማቸው በሕዝብ ፊት ትጠራ እንጂ፣ ሞት ከዚያ በኋላ ቢመጣም ተነሥተው ወንበር ይለቁለታል።

«ጀምሯል እንዴ?» አሉ።

«ምኑን አውቄው? ድምፅ የለማ!»

«እስቲ አጥፍተህ አብራው።» የኔታ ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ይህችኑ ናት።

ባርጋቫን አጠፋና አበራ። ሊኑክስ የሚሉት ፕሮግራም ነው ያለበት፤ ትምህርት ቤቱ አዲስ ሲገዛ ወደዚህ የገፋው አሮጌ ዕቃ ነው። እስኪነሳ ድረስ ሩዝ ጥደህ ታበስላለህ። ሲነሳም የራዲዮውን ገጽ ከፈተ፤ ድምፅ ግን ጭጭ። የስፒከሩን ገመድ ነቅሎ ሰካ፣ እፍ አለበት፣ እንደገና ሰካ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የድሮ መዝሙር አጫወተ። መዝሙሩ ቤቱን አናጋው።

«አየህልኝ ኬሉ! ስፒከሩ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የራዲዮው ነው። ዘመኑ ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ ሌላ! ይሄ ሽማግሌ የዛሬን ራዲዮ ከየት ያውቀዋል?»

«ወይ ዕድሌ!» አሉ የኔታ። «ሻይ ቤት ብሄድ አይሻልም? ባለቤቱ ኩንጃፓን በስልኩ ይከፍትልኛል።»

«በዚህ ፀሐይ? በዚህ እግርህ? ተው እንጂ! መንገድ ላይ ወድቀህ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው? አሁን ይስተካከላል አልኩህ፤ ቁጭ በል።»

የኔታ ቁጭ አሉ። ባርጋቫን ካለ አለ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ጸሐፊ ስለሆነ አይደለም፤ ወዳጃቸው ስለሆነ ነው። የጊሪሽም አባት ነው። ያኔ ሕፃኑን እጁን ይዞ፣ ለመምህር የሚሰጠውን የቡላት ቅጠልና አንዲት ሳንቲም አስይዞ እግራቸው ላይ ያስደፋው፣ «ልጄን ልጅህ አድርገው» ያለው እሱ ነው። የኔታም አደረጉት። በተምር ሂንዲ እንጨት ዱላ ድንጋይ እያስደበደቡ ምቱን አስለምደው አሳደጉት። የገዛ እህታቸው ልጅ የድርሰቱን መጨረሻ አስተምሩኝ ብሎ ሲለምን ከልክለው ለጊሪሽ ሰጡት፤ የእህታቸው ልጅም በቂም ደጃቸውን ላይረግጥ ምሎ ሄደ።

ባርጋቫን ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ሲጎረጉር፣ የኔታ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተከሉ። ከራዲዮው ስም በታች ትንንሽ አረንጓዴ ዘንጎች ከፍ ዝቅ ይላሉ። መጀመሪያ እንዲሁ ጌጥ መስለዋቸው ነበር። ከዚያ አንዱ ከፍ አለ፣ ሁለቱ ተከተሉት፣ ዝም አሉ፤ እንደገና አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ ዝምታ። የኔታ አንገታቸውን አሰገጉ። እጃቸው ጉልበታቸውን መምታት ጀመረ።

«አንተ!» ብለው ጮኹ። «እየመታ ነው! ይሄ'ኮ የኔ ነው! ሁለተኛው ክፍል ደርሷል!»

ባርጋቫን ደንግጦ ዞረ። «የቱ?»

«ይኸው፣ እነዚህ! ያቺን ዝምታ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት፣ ሌላ ሰው እዚያ ጋ ዝም አይልም! ድምፁ መጥቷል ማለት ነው። እዚሁ ቤት ገብቶ ነው የታፈነው!»

«ኧረ ኬሉ፣ እሱ ዝም ብሎ የሚወዛወዝ ሥዕል ነው…»

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር መምህርት ዙሌኻ መጽሐፍ ልትመልስ ገባች።

«እሰይ! አንቺን ነው ያመጣልኝ!» አሉ የኔታ። «ነይ ልጄ፣ ይሄን ጉድ እዪልኝ።»

«መምህርት፣ ግድ የለም፣ አትድከሚ፣ ሊያልቅ ነው…» አለ ባርጋቫን። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ምን ድካም አለው?» ብላ ተቀመጠች። «የዚህን ኮምፒዩተር ፕሮግራም'ኮ የጫንኩት እኔ ነኝ። ትናንት ጠዋት ልጆቹን ራዲዮ አሰማሁበት፤ ምንም አልሆነም ነበር።» የድምፅ ማስተካከያውን ከፈተች። ለየፕሮግራሙ አንድ አንድ መስመር ተደርድሯል፤ የመዝሙሩ ክፍት፣ የራዲዮው ዝግ። «ይኸው። ድምፁ የተዘጋው ለዚህ ብቻ ነው። እዚህ ገብቶ የዘጋው ሰው አለ፤ በራሱ አይዘጋም፣ የዘጉትን ደግሞ አይረሳም። አጥፍታችሁ ብታበሩትም ያው ነው።»

«የነካው ማን ነው?» አሉ የኔታ።

ባርጋቫን መስኮቱን አየ።

ዙሌኻ ከፈተችው። ቼንዳው ቤቱን ሞላው። የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ያ በክረምት ነጎድጓድ መሃል ተኝተው ሳሉ የመጣላቸው፣ ለእህታቸው ልጅ የነፈጉት። የኔታ ማን ዘጋ ማን ከፈተ መጠየቁን ረሱት። ዓይናቸውን ጨፍነው «በል! በል የኔ አንበሳ! አትቸኩል… እንደሱ!» እያሉ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። እንዲህ ደስ ያላቸው ቀን ትዝ አይላቸውም። ስማቸው መጀመሪያ ላይ ተጠርታ አምልጣቸው ይሆናል፤ ግድ የለም፣ ሌላው ሰምቷል፤ ነገ ሰው ይነግራቸዋል።

ምቱ ቆመ። ሕዝቡ ጮኸ። የራዲዮው ሰው የጊሪሽን ስም ጠርቶ አሞገሰው፤ «እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። ከማን ተማርከው?» አለው።

«ከአባቴ» አለ ጊሪሽ። «ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ይመታልኝ ነበር። የቀረውን እኔው ጨመርኩበት።»

ዙሌኻ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የኔታ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር። የጊሪሽ ድምፅ ነው። 

«ታውቅ ነበር» አሉ፣ ወደ ባርጋቫን ሳይዞሩ።

«ትናንት ደውሎ ነገረኝ» አለ ባርጋቫን። «አብረውት የሚዞሩት ሰዎች ናቸው የመከሩት… የቤተሰብ ጥበብ ሲባል ውጭ አገር ይጠሩታል ብለው። ተው አልኩት ኬሉ፣ በአማልክቱ፣ ተው ብዬዋለሁ። ልጅ ነው፣ ምን ላድርገው? ሻይ ቤት ሄደህ በሰው ፊት እንዳትሰማው ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁህ፣ ድምፁንም የዘጋሁት። ላንተው ብዬ ነው!»

«ለኔው ብለህ!» አሉ የኔታ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። እጄን አመድ አፋሽ አድርጋችሁት፣ ለኔው ብለህ! ልጅህ ስሜን በላ፤ እሱስ ልጅ ነው እንበል። አንተ ግን ጎኔ ተቀምጠህ፣ ላቤን እያየህ፣ ገመድ ስትነቅል ገመድ ስትሰካ!»

«የኔታ፣ የኮሚቴውን ስልክ ላምጣልዎት?» አለች ዙሌኻ። «አሁን ደውለን እናስተካክለው።»

«ስሜን ለምኜ አላስጠራም፣ ልጄ።» ተነሡና የንባብ ጠረጴዛውን ጋዜጦች በክንዳቸው ጠረጉት። «ና ወዲህ ባርጋቫን። ማታ ማታ ትመታለት ነበር አይደል? ጠረጴዛው ይኸው። ምታ።»

«ኬሉ፣ ስለ እግዜር…»

«ምታ አልኩህ!»

ባርጋቫን መጣ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀኝ እጁን አንሥቶ አንድ መታ፣ ሁለት መታ፤ ከዚያ ቆመ። ሦስተኛውን አያውቀውም።

«በግራ ነው የሚጀምረው፣ አንተ ሌባ» አሉ የኔታ፤ ድምፃቸው ተሰበረና ቆመው አለቀሱ።