ከመስታወቱ ወዲህ

ሐኪሟ የልጁን ቁርጭምጭሚቶች አጋጥማ ስትይዛቸው ጉልበቶቹ አልገናኝ አሉ፤ በመካከላቸው የእናቲቱ ጡጫ ያልፋል። ልጁ አራት ዓመት አልፎታል፤ ግድግዳ ካልያዘ ግን አይራመድም።

«የቪታሚን ዲ እጥረት ነው፤ አጥንቱ ለስልሶ ክብደቱን መሸከም አቅቶታል። ፀሐይ አታሞቂውም እንዴ፣ እኅቴ?»

ልብስ ሰፊዋ እናት ቀና አለች። በእናትነቷ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነበርና።

«እንዴት አላሞቀውም! ለሱ ስል የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ፣ ጨለማው ጥግ ተወትፌ ዓይኔ እስኪፈስ እሰፋለሁ። ብርሃኑን ለቀቅሁለት።»

«መስኮቱ ተከፍቶ?»

«ተዘግቶ ነዋ! ንፋስ እንዳይመታው።»

ሐኪሟ እግሮቹን ቀስ ብላ ለቀቀቻቸው። «መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ቪታሚኑን የሚሠራውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ልጅሽ ሞቀው እንጂ ፀሐይ አላገኘም።»

«አሁንስ... ይቃናል?»

«ጠብታ አዝዝልሻለሁ። አንቺም እግሩን ገልጠሽ ደጅ አውጪው። አጥንቱ ይጠነክራል፤ ጉብጠቱ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና ከግቢው አልሸሸችም። አማቷ ልጁን ተቀብለው አልጋው ላይ አስቀመጡት።

«ምን አለችሽ?»

«እግሩን ገልጠሽ ደጅ አውጪው አለች፣ እማማ።»

«ገልጠሽ! ያኔ ምን እንዳሉት ረሳሽው? የልጄን ልጅ የግቢ መሳቂያ ልታደርጊው ነው?»

አልረሳችም። ለሐኪሟ የንፋሱን ነገር ነገረቻት እንጂ ይህን ዋጥ አድርጋ ነበር የመጣችው። ልጁ አንድ ቀን ግድግዳ ይዞ ብቅ ሲል፣ ከጎረቤት ሴቶች አንዷ «ቅንፍ መጣ! በመካከሉ ምን እንጻፍበት?» ብላ ግቢውን በሳቅ አናወጠችው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ከደጅ ቀረ። እናቱም ሰፊና ረጅም ሱሪ ሰፋችለት፤ እጥፋቱ ጉብጠቱን የሚሰውር፣ በሙያዋ ከሠራቻቸው ሁሉ የተዋጣለት ሱሪ። ሰው እንዳይስቅበት የደበቀችው እግር፣ በደበቀችው መጠን እየጎበጠ ሄደ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ፈለገች፤ ዕንባው እንኳ እምቢ አላት። ያለፈውን ጊዜ እንደ ተበላሸ ስፌት ተርትራ እንደገና መስፋት አትችልም። ከደጅ የሴቶቹ ጨዋታ ይሰማል።

«እማዬ፣ ወደ መስኮቴ ውሰጂኝ» አለ ልጁ እጁን ዘርግቶ።

«መስኮትህ...» አለች።

ተነሥታ ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ መቀሱን አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው፣ አንቺ?» አማቷ ደነገጡ።

ልጁ እንደ ለበሰው ሱሪውን ከጉልበቱ በላይ ያዘችና፣ በሙያ ዘመኗ አድርጋው በማታውቀው አኳኋን፣ ሳትለካ ቆረጠችው። አንዱን እግር፤ ከዚያም ሌላውን። ልጇን ታቅፋ በሩን ከፈተች።

ጨዋታው ቀጥ አለ። እሷ ግን ወደ ጥግ አልሄደችም፤ ከሴቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ፈልጋ ልጇን አስቀመጠችው።