የእንግዳ ቀን ውሃ

ቁንጫዎቼ አልሞት አሉ።

የቤት ቁንጫ ማለቴ አይደለም። የውሃ ቁንጫ የሚባል፣ በዓይን ሲያዩት ነጥብ የሚያህል፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚዘል ፍጥረት ነው። መርዝ ስለማይችል እኛ የአካባቢ መርዝ የምናጠና ሰዎች እንደ ቀማሽ እንጠቀምበታለን። ከወንዝ የቀዳሁትን ውሃ አራት ብርጭቆ ላይ አካፍልና በየብርጭቆው ሃያ ሃያ ቁንጫ እለቃለሁ፤ ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ስንቱ እንደሞተ እቆጥራለሁ። ውሃው ክፉ ከሆነ ያልቃሉ። የእኔዎቹ ግን ሦስት የቡና ወቅት ሙሉ፣ ከቡና ማጠቢያ በታች በቀዳሁት ውሃ ውስጥ እንደ ሠርገኛ ሲጨፍሩ ከረሙ።

ይህ ለሌላ ሰው የምሥራች ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ምክንያቱም እዚያው ቦታ የወንዙን ጭቃ ስዝቅ የማገኘው ቀይ ትል ብቻ ነው። ቀይ ትል ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚቀር ፍጥረት ነው። የውሃ ተርብ እጭ የለም፣ ጥንዚዛ የለም፣ ቀንድ አውጣ የለም። ውሃው "ደህና ነኝ" ይላል፣ ጭቃው "ሞቻለሁ" ይላል። ከሁለት አንዱ ይዋሻል ብዬ ስብሰለሰል ሁለት ዓመት አለፈ። ቁጭ ብዬ እህል መብላት እንኳ አቃተኝ፤ ጉርሻዬን ይዤ እየተንጎራደድኩ እበላለሁ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አማካሪዬ ዶክተር ወልደሰማያት ቢሯቸው አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሰዓት ይቆጥራል።

"ፍሬሰላም፣ አምስተኛ ዓመትሽ ነው፤ ይሄ ደግሞ የመጨረሻው ማራዘሚያ ነው። ዘንድሮ ጽሑፉን ካላስገባሽ ስምሽ ይሰረዛል፤ እኔም ላስጥልሽ አልችልም።"

"አውቃለሁ ዶክተር።"

"ሦስት ወቅት ለክተሻል። ቁጥሩ እርስ በርሱ ይስማማል። ፍሳሹ ጉዳት አላሳየም ብለሽ ጻፊና ተመረቂ። ጉዳት የለም ማለትም ግኝት ነው።"

"ትሎቹስ?"

"ትሎቹን 'ወደፊት ቢጠና' የሚለው ክፍል ውስጥ አስገቢያቸው።"

በሩን ቀስ ብዬ ልዘጋው አስቤ ነበር፤ ኮሪደሩ ሙሉ ሰማው። ደሜ ፈልቶ ነበር። ያናደደኝ ትክክል መሆናቸው ነው፤ ያ ቁጥር ያስመርቀኛል። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር የስፌት መኪናውን ይዞ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠው አባቴ፣ ደንበኛ ፊት "ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" ማለት ከተወ ሁለት ዓመቱ ነው። አሁን ስለ እኔ ሲጠይቁት "ላም አለኝ በሰማይ" ይልና መርገጫውን መርገጥ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መገላገል ይቻል ነበር። ግን የማላምንበትን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አልሆነልኝም። የጠርሙስ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ሄድኩ፤ አጋሮ መንገድ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ያን ቀን አንድ ነገር አላደረግሁም፤ አልደወልኩም።

ወንዙ ጋ የሚያደርሰው መንገድ በሀጂ አብዱልሰመድ ግቢ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሀጂ ሰባ የሞላቸው፣ ቡናቸው ከቤታቸው ጀርባ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ዳር የሚወርድ ሰው ናቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለመቅዳት ስሄድ የማድረው እሳቸው ቤት ነው። ሀጂ ቤት ደግሞ በድንገት አይኬድም። የሚቀርብ ነገር ሳይኖር እንግዳ ከደረሰ ባለቤቱ ያፍራል፤ እንግዳውም ሰው አያከብርም ይባላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሦስት ቀን በፊት እደውላለሁ። ስደርስ ማሩ ቀርቦ፣ ፍራሹ ተዘርግቶ፣ ወደ ወንዙ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ሳይቀር ተጠርጎ ይጠብቀኛል። ባለቤታቸው ሀጂራ "ከስተሻል" እያሉ ገንፎ ያጎርሱኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቤት ከራሳችን ቤት እኩል እወደው ነበር።

ከሚኒባሱ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የተረሳ ጥንስስ ዓይነት፣ ጎምዘዝ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ። ወደ ወንዙ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ውሃው የደፈረሰ ቡና መስሎ፣ ላዩ ላይ ቢጫ አረፋ ተሸክሞ ይወርዳል። ሦስት ዓመት የማውቀው ውሃ አይደለም።

የሀጂ ልጅ ሚስት ፈድሊያ ከምንጩ ጄሪካን ሞልታ ስትመለስ አገኘችኝ። አየችኝና ደነገጠች።

"ፍሬ? ሳትደውዪ? ያ ረቢ! ዛሬ እኮ አልዘጉም!"

"ምኑን?"

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ያመለጣትን ነገር ልትመልሰው ፈለገች፤ እኔ ግን የምላቀቅ ሰው አይደለሁም። ክንዷን ይዤ ጠየቅኋት፣ እሷም ነገረችኝ። እኔ በደወልኩ ቁጥር ሀጂ ከዘራቸውን ይዘው ማጠቢያው ድረስ ይወጣሉ። የማጠቢያውን ኃላፊ ገመቹን "እንግዳ አለብኝ፣ አታዋርደኝ" ይሉታል። ገመቹ ደግሞ ሀጂን እንደ አባቱ ነው የሚያከብራቸው። እኔ እስክመጣና እስክሄድ ፍሳሹን በጉድጓድ አጠራቅሞ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደውን ቦይ ይዘጋል። ሦስት ወቅት ሙሉ፣ በመጣሁ ቁጥር።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተነሣሁ። መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። የእኔ ጠርሙሶች በሙሉ የተቀዱት የእንግዳ ቀን ውሃ ነው። ቁንጫዎቼ የጨፈሩት ለእኔ ክብር ሲባል በታጠበ ወንዝ ውስጥ ነው።

ሀጂ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ግቢው ውስጥ ስንጎራደድ ደረሱ።

"ኢንተላ ኮ! ምነው ልጄ ሳትደውዪ? ሰላም አይደለሽም?"

"ሀጂ፣ ፍሳሹን የሚያዘጉት እርስዎ ነዎት?"

ፊታቸው ፈካ። የባሰ ነገር ጠብቀው ነበር መሰለኝ።

"እህ! ይሄ ነው? ኬሱማ፣ እንግዳ ሲመጣ ግቢ አይጠረግም? ወንዙም ግቢያችን ነው። መጀመሪያ ቀን፣ ገና ሳትቀጂ ቦታውን ልታዪ ስትመጪ አፍንጫሽን በነጠላሽ ይዘሽ ነበር። ያን ቀን ያፈርኩት ማፈር፣ ወላሂ አልረሳውም። እንግዳ በኛ ቤት አፍንጫውን አይዝም።"

"ሦስት ዓመቴን አበላሹብኝ!" አልኩ። ጮህኩ ብል ይሻላል፤ በአባቴ አባት ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮህኩ። "እኔ የመጣሁት ለቆሻሻው ነው! ቆሻሻው ነው ሥራዬ! እርስዎ የደበቁብኝ ሥራዬን ነው!"

ፈድሊያ ጄሪካኑን አስቀመጠች። ሀጂ ከዘራቸውን መሬት ተከሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አልነገርሽንም" አሉ።

"ነግሬዎታለሁ! ውሃውን ላጠና ነው የመጣሁት ብያለሁ።"

"ብለሻል። እኛም ውሃችንን ልትፈትኚ የመጣሽ መሰለን። ልጁ ፈተና እንዲወድቅ የሚፈልግ አባት አለ? እንዲያልፍ ነው ያጠብነው።"

ሦስት ዓመት ማራቸውን በልቼ፣ ፍራሻቸው ላይ ተኝቼ፣ ምን ፈልጌ እንደመጣሁ በቅጡ አስረድቻቸው አላውቅም። ውሃውን በየሰዓቱ እለካለሁ፤ ሰዎቹን ግን አንድ ቀን "እኔ ሳልኖር ይህ ወንዝ እንዴት ይውላል?" ብዬ አልጠየቅሁም። ሁልጊዜ እንደቸኮልኩ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለመልቀም እንኳ ጎንበስ አላልኩም።

"በዚያ ላይ፣" አለች ፈድሊያ፣ "የሚብሰው አንቺ በሄድሽ ማግስት ነው። ያጠራቀሙትን የሦስት የአራት ቀን ባንዴ ይለቁታል። አረፋው እዚህ፣ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ያን ሰሞን ከብት ወደ ወንዝ አናወርድም። አምና ግን አንዷ ጊደር አምልጣ..."

"ተዪ ፈድሊያ" አሉ ሀጂ።

"ሞተች?" አልኩ።

ፈድሊያ ወደ ሀጂ አይታ ጄሪካኑን አነሣች። አምና ጥር ላይ ደውዬላቸው "ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው?" ስል "አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና" ያሉኝ ትዝ አለኝ። ለእንግዳ ክፉ ወሬ አይነገርም።

እዚያ ቆሜ የጭቃው ነገር ገባኝ። ውሃውም ጭቃውም አልዋሹም። በሄድኩ ቁጥር የታቆረው ሁሉ ባንድ ቀን እየተለቀቀ የወንዙን ወለል ፍጥረት ሲጨርስ ኖሯል። ማጠቢያው ያለ እኔም ወንዙን ይጎዳ ነበር፤ ግን የከፋውን ቀን ቀጠሮ የያዝኩለት በስልኬ እኔ ነኝ። አፈርኩ። ሀጂም ማፈሬን አይተው ዓይናቸውን ወደ ቡናው መለሱልኝ።

"ምን ይሁን ታዲያ?" አሉ።

"ይፍሰስ ሀጂ። እንደወትሮው ይፍሰስ። ገመቹን ምንም አይበሉት። እኔ እዚህ ሦስት ሳምንት በየቀኑ መቅዳት አለብኝ፤ የማጠቢያው ወቅት የቀረው ጊዜ ያችው ናት።"

"ሽታ ውስጥ? በኔ ቤት?"

"ሽታ ውስጥ።"

ለእሳቸው ከባድ ነገር እንደጠየቅሁ አውቃለሁ፤ እንግዳ እንዲያዋርዱ ነው የጠየቅሁት። በመጨረሻ፣ "እሺ፤ እንግዳ ካልሆንሽ ነው የሚቻለው" አሉ። "የቤት ልጅ ሁኚ። ገንፎሽንም ራስሽ ታገንፊያለሽ።"

እዚያው ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከማጠቢያው በታች ቀዳሁ፤ ሽቅብ ወጥቼ ከማጠቢያው በላይም ቀዳሁ። እግሬ እስከ ማታ አሳከከኝ። በመጨረሻው ሚኒባስ ጅማ ተመልሼ ቁንጫዎቹን ለቀቅሁ።

ዓርብ ጠዋት ላቦራቶሪውን ከጽዳት ሠራተኞቹ ቀድሜ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ አንድም የሚዘል የለም። ነካ አደረግሁት፤ ሃያውም ወለሉ ላይ ተኝተዋል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው እንዲሁ። ከማጠቢያው በላይ በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ያሉት ግን ይዘላሉ። እኔም ዘለልኩ፣ ብቻዬን፣ በነጭ ጋዋን።

ዶክተር ወልደሰማያት ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ጊደሯም ጭምር።

"ሦስቱም ወቅት?"

"ሦስቱም።"

"የድሮውን ቁጥር ለምን እንደጣልሽው ሳትደብቂ ጻፊ። ሦስት ሳምንት በየቀኑ ቅጂ። ይበቃል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ ኮሚቴው ፊት ግን አብሬሽ እቆማለሁ።"

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ስልኩን ሳላስቀምጥ ሀጂ ጋ ደወልኩ።

"ሀጂ! ሞቱ! ሰማንያውም ሞቱ!"

"ኢናሊላሂ! እነማን?"

"ቁንጫዎቹ! ትናንት በቀዳሁት ውሃ ውስጥ! ሳይነጋ ነው ያለቁት! ትምህርቴ ሊተርፍ ነው ሀጂ!"

"አልሃምዱሊላህ" አሉ፤ ደስታዬን ላለማቀዝቀዝ ያሉት መሆኑ ያስታውቃል። በስልኩ ውስጥ ዶሮ ሲጮህ፣ ራቅ ብሎም የሕፃናት ሳቅ ይሰማል።

"ኢንተላ ኮ፣" አሉ ቆይተው፣ "ፈድሊያ ልጆቹን ልታጥብ አሁን ወደ ወንዙ ወርዳለች። ጠዋት ጠዋት ጠራ ስለሚል ነው። ልጥራት እንዴ?"

"ይጥሯት" አልኩ። ደግሜ "ይጥሯት ሀጂ፣ ቶሎ ይጥሯት" አልኩ፤ እሳቸው ግን ስልኩን ጥለው እየተጣሩ መሮጥ ጀምረው ነበር።