በሞተር የሚሾር እንዝርት

ባለቤቴ ያለምወርቅ ዲማ ላሉት አባቷ፣ ለአባ ገብረ ኪዳን፣ በየዓመቱ ጋቢ ትፈትላለች። ዘንድሮ ግን በክረምቱ ጭቃ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። አጥንቱ ቢጋጠምም ጣቶቿ እንዝርት ማሾር እምቢ አሉ። ጥጡ ተነድፎ፣ አመልማሎው ተጠቅልሎ ቅርጫት ሙሉ ተቀምጧል። "ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን ጥሩብርሃን መጥታ ትውሰደው፤ እሷ ትፍተለው" አለችኝ። ስትናገር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "እስከ ቅዳሜ ታገሽኝ፤ በሞተር እንዲሾር አደርግልሻለሁ" ብዬ ፎከርኩ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ ጓሮ ያለችው የሥራ ክፍሌ ውስጥ የሌለ ዕቃ የለም። ከመኪና ማራገቢያ የወጣ ሞተር፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ቦርድና ኃይል የሚሰጥ የአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አገናኘሁ። ሞተሩ ላይ እንዝርቱን ተከልኩ፤ በእግር የሚረገጥ ማብሪያም አበጀሁ። እሷ በግራ እጇ ጥጡን ትስባለች፤ ማሾሩ የሞተሩ ፈንታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ብረግጠው እንዝርቱ ጥቂት ተንቀጠቀጠና ቆመ። የቦርዱ አረንጓዴ መብራት ጠፋች፤ እግሬን ሳነሳ መልሳ በራች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያው። ፓወር ሰፕላዩን ረግሜ በመኪና ባትሪ ቀየርኩት፤ አሁንም ያው። ቦርዱንም ሰደብኩ። ሌላ ቦርድ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል፤ ጥሩብርሃን ግን የምትመጣው ዛሬ ነው።

ያለምወርቅ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ "አንተ፣ ጧፍ አብርተሃል እንዴ?" አለችኝ።

"በዚህ ሁሉ ጣጣ ላይ የምን ጧፍ ነው!" ቆጣ አልኩ።

"ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታላ!"

የካህን ልጅ ናት፤ አፍንጫዋን አምናለሁ። የቮልት መለኪያዬን አነሳሁ። ባትሪው ላይ ስለካ፣ ማብሪያው ተረግጦም አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ቦርዱ ላይ ግን እንደተረገጠ ወደ አምስት ይወርዳል። እንግዲህ ሰባቱ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። መሃል ያለውን የሽቦ መጋጠሚያ ብነካው ይፋጃል። የተጠቀለለበትን ቴፕ ስፈታው ቀልጦ የወረደ ሰም አገኘሁ።

አፈርኩ። ሽቦው ወፍራም ስለነበር የብየዳ ካውያዬ ማሞቅ አቅቶት፣ ጫፍ ለጫፍ ገምጄ ነበር ያገናኘሁት፤ ከመግመዴ በፊት ደግሞ እንዳይበታተን ብዬ ሰም አሸሁት። ዲማ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ብራና የምንሰፋበትን ክር እንዲህ ነበር የምናደርገው። እጄ ሳያማክረኝ ሠራው። ሰም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

"ይህን ማን አስተማረህ?" አለች ያለምወርቅ፣ ሳቋ እየመጣ።

"አባትሽ ናቸዋ!"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ሰም የነካውን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩ፤ አዲሱን ፍቄ በብሎን አጥብቄ አሰርኩት። "በይ ርገጪ።" ረገጠች። እንዝርቱ ሾረ፤ መብራቷም ቦግ እንዳለች ቀረች። የመጀመሪያው ክር ተበጠሰ፣ ሁለተኛው ወፍሮ ተቋጠረ፣ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወጣ። ከደስታዬ የተነሳ እንባ እንባ አለኝ።

ጥሩብርሃን ባዶ ቅርጫቷን ይዛ ስትገባ ያለምወርቅ ቀና እንኳ አላለችም።

"ጥሩዬ፣ በሞቴ አትቀየሚኝ። ቁጭ በይ፣ ምሳ እንበላለን። ጥጡን ግን አልሰጥሽም፤ የአባቴን ጋቢ እኔው እፈትላለሁ።"

ምሳውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ እሷማ ከእንዝርቱ አልነሳም አለች።