የሦስተኛው ፎቅ ገበና

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት መምህር ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ስልክ ላይ ሲጽፉም መምህርነታቸው አይለቃቸውም። በአንድ ጣት እየለቀሙ፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እየዘጉ፣ የሌላውን የፊደል ግድፈት አርመው ነው የሚልኩት። የሕንፃው ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ የተከፈተው ስለ ውሃ ተራ ለመነጋገር ነበር። በአንድ ሳምንት ሁለት የውሃ ቆጣሪዎች ተፈትተው ከተሰረቁ ወዲህ ግን ግሩፑ የክርክር አዳራሽ ሆኖ ቀረ።

ነገሩን የጀመሩት መምህሩ ናቸው። «በየደረጃው ካሜራ ይተከል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ንጹሕ ሰው ደግሞ ቢታይ ምን ይሆናል?» ብለው ጻፉ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከምድር ቤት መልስ መጣ። ምድር ቤት ያለው ሰው የቴሌቪዥንና የራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ስለሚቆይ ሕንፃው ሁሉ «ብሎን» ይለዋል፤ እሱም ግሩፑ ውስጥ የገባው በዚሁ ስም ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲል ጀመረ። «ቆጣሪው ሄዷል። ከእንግዲህ ካሜራው የሚያየው ሌባን ሳይሆን እኛን ነው። ማን ስንት ሰዓት ገባ፣ ማን ከማን ጋር ወጣ፣ ማን ምን ተሸክሞ መጣ። ይሄ ሁሉ በማን እጅ ነው የሚቀመጠው?»

«በኮሚቴው እጅ።»

«ኮሚቴው ሲቀየርስ??»

«ለሚቀጥለው ይተላለፋል። የጥያቄ ምልክት ደግሞ አንድ ይበቃል።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከደረጃው ወርዶ መንገድ ለመንገድ ሄደ። አንድ ሰሞን መንግሥት የስልክ ጥሪ ዝርዝር መጠየቅ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ተያያዙ። ሌላ ጊዜ ደግሞ መምህሩ «ስሙን ደብቆ የሚጽፍ ሰው ሐሳቡ እንደ ሐሳብ አይቆጠር» ብለው ነገር ወረወሩ።

«ድምፅ የሚሰጠውም እኮ በመጋረጃ ተከልሎ ነው፣ ጋሼ» አለ ብሎን። «መራጭ ወረቀቱ ላይ ስሙን አይጽፍም።»

መምህሩ ግማሽ ቀን አሰቡበት። ከምሳ በኋላ «መራጭ ግን አይሳደብም» ብለው ጻፉ፤ ሃያ ሰው ሳቀበት፤ ብሎንም አብሮ ሳቀ። ብሎን የሰው ፊት ስለሚለዩ ማሽኖች ሲጽፍ፣ «ዛሬ ደረጃ ላይ፣ ነገ መንገድ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ሰልፍ ላይ» ሲል፣ መምህሩ «አንተ ስለ ሩቁ ታወራለህ፤ እኔ ደግሞ ስለ ቤቴ በር ነው የማወራው» ይሉታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነችው ፋርማሲስት በመሐል ብቅ ትልና «እባካችሁ፣ የውሃ ተራው ጠፋብን» ትላለች። የሚሰማት የለም።

መምህሩ ለማንም ያልጻፉት አንድ ነገር ነበር። ካሜራውን የፈለጉት ሌባ ፈርተው አልነበረም።

ባለቤታቸውን ሕንፃው ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል። እትዬ መርሳት ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ የመነጽራቸውን ቦታ ነበር የሚረሱት፤ ቀጥሎ የቀኑን ስም፤ አሁን አሁን ደግሞ የገዛ ቤታቸው የማን እንደሆነ ይጠፋቸዋል። «ወደ ቤት እንሂድ» ይላሉ ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጠው። ሁለት ጊዜ በሩን ከፍተው ወጥተው መምህሩ ከደረጃው መልሰዋቸዋል። ጎረቤት ሲጠይቅ «ጉንፋን ይዟት ነው»፣ «ጉልበቷን አሟት ነው» እያሉ ያልፋሉ። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ስትደውልም «እናትሽ ተኝታለች» ነው መልሱ። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውታል። ካሜራ ቢኖር በየት በኩል እንደሄዱ ቶሎ ይታወቃል፤ ያሰቡት ይህንን ብቻ ነው።

ድምፅ ተሰጠ። አሥራ ዘጠኝ ለሰባት። አንድ ካሜራ በግቢው በር፣ አንዳንድ ካሜራ በየፎቁ ደረጃ ተተከለ። መምህሩ ሰብሳቢዋን ፋርማሲዋ ድረስ ሄደው «ምስሉ በእኔም ስልክ ይግባልኝ» ብለው ጠየቁ። እሷ መድኃኒት እየቆጠረች «ለኮሚቴ ብቻ ነው ጋሼ፤ እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ እንዲህ ይሁን ያሉት?» አለቻቸው። እውነቷን ስለነበር አመስግነው ወጡ።

አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ መምህሩ ሳህን እያጠቡ ነበር። ውሃው እየፈሰሰ የበሩ መከፈት አልተሰማቸውም። እጃቸውን አድርቀው ሳሎን ሲገቡ ወንበሩ ባዶ ነው። ወደ ታች ሮጡ፤ የግቢው ጥበቃ ማንም አልወጣም አላቸው። ወደ ላይ ወጡ። እትዬ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው፣ የሰው በር ላይ የቤታቸውን ቁልፍ ሊያስገቡ ይታገላሉ።

«አልከፍት አለኝ» አሉ፣ እንደ ሕፃን አዝነው።

«የእኛ ታች ነው» አሉ መምህሩ። ክንዳቸውን ይዘው ቀስ ብለው አወረዷቸው፤ እግራቸውን አጥበው፣ ካልሲ አጥልቀው አስቀመጧቸው። ያኔ ነው ወጥ ቤት የተውት ስልክ ጢር ጢር ማለት የጀመረው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ባንክ የሚሠራ ጎልማሳ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሆኖ ካሜራውን ሲያይ ያገኘውን የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ለቆታል። «ጥንቃቄ! ይህች ሴት የአራተኛ ፎቅ በር ለመክፈት ስትሞክር ታይታለች። የሚያውቃት አለ?» ይላል። ካሜራው ከላይ ስለሆነ የሚታየው ጸጉርና ትከሻ ነው። ከሥሩ ሳቅ ተደርድሯል። «ሌባም እንደ ዘመኑ ፒጃማ ለብሶ ይመጣ ጀመር» ብሏል አንዱ። «ፖሊስ ይጠራ» ብሏል ሌላው።

መምህሩ ቆመው አነበቡት። «ሌባ አይደለችም። ባለቤቴ ናት» ብለው ጻፉና ሳይልኩት አጠፉት። «አሟት ነው» ብለው ጻፉ፤ እሱንም አጠፉት።

በዚህ መሐል ብሎን ጻፈ። «ቪዲዮውን አሁኑኑ አጥፋው። ስለ ሴትዮዋም ማንም ምንም አይጻፍ።» ሌላ ነገር አልጨመረም። ጸሐፊው «ለደኅንነት ነው እኮ» አለ። ብሎን ደውሎ ምን እንዳለው አይታወቅም፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግን ቪዲዮው ጠፋ። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሃያ ስድስት ሰው አይቶታል።

በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ሲከፍቱ ብሎን ሥራ ላይ በሚለብሰው ጋዋን ቆሟል።

«ልትስቅብኝ ነው የመጣኸው?» አሉት።

«አይደለም ጋሼ። እትዬ መሆናቸውን በአረማመዳቸው አወቅሁ። ደኅና ናቸው ወይ ብዬ ነው።»

ከውስጥ የእትዬ ድምፅ ተሰማ። «ማነው? ግባ በለው።» ብሎን ሲገባ ፊታቸው በራ። «ወንድሜ፣ መቼ መጣህ?»

ብሎን መምህሩን አየ። መምህሩ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። የእትዬ ወንድም ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል።

«አሁን መድረሴ ነው፣ እህቴ» አለ ብሎን፣ «እርስዎ» ማለቱን ትቶ፤ አጠገባቸው ተቀመጠና እጁን ሰጣቸው። እትዬ እጁን እንደያዙ ስለ አንድ የድሮ አውቶቡስ ብዙ አወሩለት። እሱም «አዎ፣ ትዝ ይለኛል» እያለ አዳመጠ። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ደገፍ አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መምህሩ ሻይ አፈሉ። ስኒውን ሲያቀብሉት «ሁለት ዓመት ሆናት» አሉ። «ካሜራውን የፈለግሁት ለእሷ ነበር። ስትወጣ የት እንደሄደች እንዳውቅ።»

ብሎን ስኒውን አስቀመጠ። «ይህን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ አልጽፍም ነበር።»

«ብነግርህማ ገበናዬን አወጣሁ ማለት አይደል?»

«ታዲያ እኔስ ስለ ምን ነበር ስጮህ የከረምኩት ጋሼ? ስለ ገበና እኮ ነው።»

መምህሩ ሻይ ጨመሩለት።

ብሎን ተነሥቶ የበሩን መቃን በጣቱ ለካ። «አንዲት ማግኔትና አንዲት ደወል ትበቃናለች። በሩ ሲከፈት ወጥ ቤት ትጮኻለች። ለእርስዎ ብቻ። ለኮሚቴ የለ፣ ለማንም የለ።» ወርዶ ዕቃውን አምጥቶ፣ ሁለት ብሎን በከንፈሩ ይዞ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠርቶ ጨረሰ። ሦስቴ ከፍተው ዘግተው ሞከሩት።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ልጃቸው ደወለች። መምህሩ «ተኝታለች» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «ልጄ፣ ስለ እናትሽ የምነግርሽ ነገር አለ» አሉ። እስኪጨርሱ አላቋረጠችም። በመጨረሻ «አባዬ፣ ለምን ብቻህን?» አለች።

እሑድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። መምህሩ ወንበራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«በቪዲዮው ያያችኋት ባለቤቴ ናት» አሉ። «የመርሳት በሽታ ይዟታል። ካሜራ ይተከል ያልኩትም እኔ ነኝ፤ በዚህ ማንንም አልከስም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እሷ ሃያ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። በዚያን ዘመን ስልክ በእጅ ነበር የሚገናኘው፤ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያወራውን ትሰማለች። የታረቀውን፣ የተጣላውን፣ የታመመውን። አንዲት ቃል እኔ ቤት ይዛ አልገባችም። ስጠይቃት ‹የሰው ነው› ትለኝ ነበር። እኛ ግን የእሷን አርባ ሰከንድ መያዝ አቃተን።»

ጸሐፊው ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ከልቡ መሆኑ ያስታውቃል። መምህሩ የደረጃዎቹ ካሜራዎች እንዲነሱ፣ የግቢው በር ካሜራ ግን እንዲቆይ፣ የተቀረጸውም በሦስት ቀን እንዲጠፋና ሁለት ሰው አብሮ ካልሆነ እንዳይከፈት ሐሳብ አቀረቡ። ብሎን የበሩም ይነሳ አለ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የመምህሩ ሐሳብ አለፈ፤ የአምስተኛ ፎቅ ሰዎች ብቻ «የእኛን አናስነካም» ብለው የራሳቸውን ይዘው ቀሩ። እስከ ዛሬም አላነሱትም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ደረጃ ላይ ሲገኙ የሚስቅ የለም። ያገኛቸው ሰው «የእርስዎ ታች ነው» ብሎ ክንዳቸውን ይዞ ያደርሳቸዋል። መምህሩ በዚህ አፍራለሁ ብለው ፈርተው ነበር፤ ግን ከሀፍረቱ ይልቅ ዕረፍቱ በለጠባቸው።

ከሁለት ወር በኋላ የደወሏ ባትሪ ሳይታወቅ አለቀ፤ ጥበቃውም ለምሳ በወጣበት ሰዓት እትዬ ከግቢው ወጡ። መምህሩ ሲያውቁ ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ብሎን ብረት መበየጃውን ጥሎ ተነሣ፤ ቀድሞ ወደ ፋርማሲዋ የሮጠውም እሱ ነው። «ሰብሳቢ፣ የበሩን ካሜራ ክፈቺልን» አላት። ሁለት ሆነው ከፈቱት። እትዬ ቦርሳቸውን አንግተው፣ ወደ ግራ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሄዱ ይታያሉ።

ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ፀጉራቸውን አበጥረዋል። «አረፈድኩ መሰለኝ» አሉ። «የከሰዓቱ ፈረቃ የእኔ ነው።»

«ዛሬ ሰው ተክተውልሻል» አሏቸው መምህሩ። «ዕረፍት ነሽ።»

ሦስቱም ቀስ ብለው ተመለሱ። እትዬ በመሐል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ። ትንሽ እንደሄዱ መምህሩ አላስቻላቸውም።

«እህስ? አሁንስ ምን ትላለህ?»

«ያው ነው የምለው» አለ ብሎን። «በመገኘታቸው ደስ ብሎኛል። የደወሏን ባትሪ አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነው። ስለ ካሜራው ግን ያው ነው።»

«ግትር።»

«ከማን ተማርኩት ጋሼ?»

መምህሩ ሳቁ። እትዬ ለምን እንደሚሳቅ ባያውቁም አብረው ሳቁ። ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ደከመኝ ስላሉ ሦስቱም የግንቡን ጥላ ይዘው ቆሙ። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። ብሎን ስለ አዲሱ የስልክ ምዝገባ ሕግ አንድ ነገር ጀመረ፤ መምህሩም «ቆይ ቆይ፣ እሱን አንተ አልገባህም» ብለው ወደ እሱ ዞሩ።