ባዶ አድርጊው

የጫጩት መፈልፈያ ቤቱ የሴትዮዋ ነው። እንቁላሉን የሚጠብቀው ደግሞ የሟች እህቷ ባል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ሴትዮዋ ተንተርሳው ነው የምታድረው። ደህና አደርሽ ሲሏት እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» ትላለች።

መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ያሉት አራት ቴርሞሜትሮች የለኩትን ሙቀት ጄሰን በሚባል ፋይል ይልካሉ። የአማቿ ልጅ ኮድ ጽፋ ከፋይሉ ቁጥሮቹን እየለቀመች፣ ደምራ አካፍላ፣ የቀኑ አማካይ አክስቷ ስልክ ላይ እንዲወጣ አድርጋለች።

«ጄሰን ደግሞ ማነው?» ብላ ነበር ሴትዮዋ ያኔ።

«ሰው አይደለም አክስቴ፣ የፋይል ዓይነት ነው። ይልቅ አንዱ ቴርሞሜትር ሳይልክ ከቀረ ምን ላድርገው?»

«ባዶ አድርጊው።»

ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን አለበት። ሰሞኑን ግን ስልኩ ሠላሳ አራት ማለት ጀመረ። እንቁላሉ ሊፈለፈል ጥቂት ነው የቀረው፤ አሁን ከበረደ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ይቀራል። ሴትዮዋ ለማንም ሳትናገር የማሞቂያውን ቁልፍ ከፍ አደረገች። በማግስቱ ስታይ ቁልፉ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ስልኩም ያው ሠላሳ አራት ይላል።

«አንተ ነህ የነካኸው?»

«እኔ ነኝ» አለ አማቿ። «እንቁላሉን ዓይኔ ቆብ ላይ ባደርገው ፈጀኝ።»

«ስልኩ በረደ ይላል፣ አንተ ፈጀኝ ትላለህ። እንቁላሌን ልትገድል ነው? ዕቃህን ሰብስብ!»

አልተከራከረም። ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀምጦ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ይህም አስጠረጠራት፤ ንጹሕ ሰው ይጮኻል እንጂ።

የእህቷን ልጅ አስጠራቻት። አባትና ልጅ ተማክረው እንደሆነስ?

«አማካዩን ተይው። የተለቀመውን አንድ በአንድ አሳዪኝ።»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ቁጥሮቹ ተደርድረው ታዩ። ሠላሳ ሰባት ተኩል፣ ሠላሳ ሰባት ከምናምን፣ ዜሮ። እንደገና ዘጠኝ አሥር ጊዜ ሠላሳ ሰባት፣ ከዚያ ዜሮ።

«ይሄ ዜሮ ከየት መጣ?»

«አራተኛው ቴርሞሜትር አልፎ አልፎ ዝም ይላል። አንቺው ነሽ ባዶ አድርጊው ያልሽኝ።»

«ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ነዋ!»

«ሒሳብ ፈተና ላይ ባዶ አመጣሽ ብለሽ የቆነጠጥሽኝስ? ያ ዜሮ አልነበረም?»

ልጅቷ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፤ ያልላከ ከድምሩም ከማካፈያውም እንዲወጣ። ስልኩ ሠላሳ ሰባት ተኩል አለ።

«አንቺ ነሽ እንዲህ እንዲል ያደረግሽው?»

«አክስቴ! ካላመንሽ እጅሽን ክተቺና እዪው።»

ሴትዮዋ ሄዳ ከማሽኑ አንድ እንቁላል አነሳች። ዓይኗ ቆብ ላይ አስጠጋችው። ለብ ያለ ነው፤ አይፈጅም፣ አይበርድም። አማቿ ቆሞ ያያታል። እሷም ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከአፏ ማውጣት አልሆነላትም። ወደ በሩ ሄዳ ሻንጣውን ልታስገባ አነሳችው።

ከበዳት። ምን ይዞ ሊሄድ ነበር?

እጇ ዚፑ ላይ ደረሰ።

«ክፈቺው» አለ አማቿ ከኋላዋ። «ባዶ አይደለም።»

እጇን ከዚፑ አንስታ ሻንጣውን ክፍሉ አስገባችለት።